መሸኛ የሌላት ሰው

እኔ ድሮም ወረፋ አይሆንልኝም። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ እግሬ ይወዛወዛል፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ «ኧረ ተይ እባክሽ፣ አግዳሚውን አነቃነቅሽው» ይለኛል። እንግዲህ ይህችን ሰው ነው ስምንት ቀን ሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ ያንከራተቷት።

ነገሩ የሥራ ጉዳይ ነው። የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ሊገባ ዕቃውን መጠቅለል ጀምሮ ነበር፤ በወሩ መጨረሻ በሩ ይዘጋል። እኔም ከመንገድ ላይ ልቀር ስል አንድ የእርዳታ ድርጅት ለመድኃኒት መጋዘኑ ኃላፊ እንደሚፈልግ ሰማሁና ተወዳደርኩ። አንደኛ ወጣሽ አሉኝ። ደስታዬን ገና ሳላጣጥመው የሰው ኃይል ክፍሏ ሴትዮ አንድ ቅጽ አውጥታ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው።

«መጋዘን የምናስረክበው ሰው የኋላ ታሪኩ ይጣራል» አለችኝ። «ላለፉት አሥር ዓመታት የት የት እንደኖርሽ ሙዪ፤ ለእያንዳንዱም ማስረጃ አምጪ። አሥር ቀን አለሽ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ተጠባባቂው ግን ከወዲሁ አሟልቷል» ብላ ጨመረችልኝ። ለማበርታት ይሁን ለማስፈራራት እስካሁን አልገባኝም።

ቅጹን እዚያው ቆሜ ሞላሁት። ተወልጄ ያደግሁት ሉማሜ፤ ከዚያ አምበር ጤና ጣቢያ አምስት ዓመት፤ ከዚያ ደብረ ማርቆስ ስድስት ዓመት። ሦስት መስመር! ሕይወቴ ሦስት መስመር መሆኗ ትንሽ ቅር ቢለኝም፣ ለማስረጃ ግን ይቀላል ብዬ ተጽናናሁ። ሞኝ ነኝ።

ከቅርቡ ልጀምር ብዬ የምኖርበት ቀበሌ ሄድኩ። መዝገብ ቤቷ ልጅ የቤት ቁጥሩን ጠይቃኝ ማህደሩን አወጣችና ገለጠች።

«በዚህ ቤት የተመዘገቡት ባለቤቷ ብቻ ናቸው» አለችኝ።

«እኔ እኮ ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ።»

«ተከራይ የለኝም ብለው ፈርመዋል።»

የቤቴ አከራይ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ስታመም ከአልጋዬ አጠገብ የማይጠፉ። የኪራይ ግብር ሲባል ግን ይርዳሉ። የቀበሌ ሰው በመጣ ቁጥር «እንግዳ ናት፣ ሰሞኑን ትሄዳለች» ይሉ ነበር። ስድስት ዓመት የምትቆይ እንግዳ የት አገር አለች? እውነቱን ለመናገር እኔም ተባባሪ ነበርኩ። የበሩን ኳኳታ ስሰማ ጫማዬን ከደጃፍ አንስቼ አልጋ ሥር እከት ነበር። እስኪመሽ እንኳ ሳልጠብቅ፣ ከቀበሌው በቀጥታ ተመልሼ ግቢው ውስጥ ልብስ ሲያሰጡ አፋጠጥኳቸው።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። እርጥብ ነጠላቸውን እንደያዙ ፊታቸው ዓመድ መሰለ። «እኔ አንቺን እጎዳለሁ? በማርያም!»

«እትዬ፣ ሥራው አመለጠኝ ማለት ነው እኮ!»

«ቆይ፣ ቆይ። ምን አሉሽ? ምን ቢደረግ ይሆናል አሉ?»

መዝገብ ቤቷ ያለችኝን ነገርኳቸው፦ መጀመሪያ ተመዝግቤ ከነበርኩበት ቀበሌ መሸኛ ማምጣት አለብኝ። መሸኛ ከሌለ የትም ቢሆን አልገባም። እሱን ካመጣሁ፣ እትዬ ራሳቸው ቀርበው ስድስት ዓመት መኖሬን መስክረው በቤተሰብ ቅጻቸው ላይ ያስገቡኛል፤ የነዋሪነት ማስረጃውም ያኔ ይጻፍልኛል። እትዬ ጥቂት አሰቡና «በተከራይ ስም አይሁን እንጂ እኔ እቀርባለሁ» አሉ። በምን ስም እንደሚሆን ያኔ አልጠየቅኩም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

በዚያ ሰሞን በአምበር በኩል ሉማሜ የሚወስደው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በየማለዳው መናኸሪያ እሄዳለሁ፤ «ዛሬ የለም» እባላለሁ፤ እመለሳለሁ። አራት ቀን እንዲህ አለቀ። ሾፌሮቹን አውቄያቸው «ዛሬም መጣሽ?» ይሉኛል። ልቤ ሊወልቅ ደረሰ። እቤት ገብቼ መቀመጥ አልችል፣ መድኃኒት ቤት ገብቼ መሥራት አልችል፤ አንድ ቀን ለአንድ ደንበኛ የእንቅልፍ መድኃኒት በሳል መድኃኒት ፈንታ ልሰጠው ስል እጄ ላይ እንዳለ ነቃሁ። ደግነቱ ነቃሁ።

በአምስተኛው ቀን መንገዱ ተከፈተ። አምበር ላይ ወረድኩ። ጤና ጣቢያው በአንድ ሰዓት ውስጥ «ከእኛ ዘንድ ሠርታለች፣ በግቢያችን በተሰጣት ክፍል ኖራለች» ብሎ ማኅተም መትቶ ሰጠኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። በሰላም ያለቀው ያ ብቻ ነው። የሚቀጥለው መኪና እስኪመጣ ግን ቀኑ መሸ፤ ድሮ አብራኝ ከሠራች ነርስ ቤት አድሬ በስድስተኛው ቀን ሉማሜ ገባሁ።

የሉማሜ ቀበሌ መዝገብ ቤት ኃላፊ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ነው። ሒሳብ ከእኔ ይቀዳ ነበር። አሁን ራሰ በራ ሆኖ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ።

«አንቺ! ከየት ተገኘሽ? እሺ፣ ስም ከነአያት።»

«አታውቀኝም እንዴ?»

«እኔማ አውቅሻለሁ። ወረቀቱ ነው የማያውቅሽ።»

መሸኛ እንደምፈልግ ነገርኩት። የቤተሰባችንን ቅጽ ከመደርደሪያው አወጣና አቧራውን እፍ ብሎ ገለጠው። ጣቱን በዝርዝሩ ላይ አውርዶ አንድ ቦታ ቆመ። ከዚያ እኔን አየ፣ ቅጹን አየ፣ እኔን አየ።

«አለሽ እኮ።»

«ምን ማለትህ ነው አለሽ?»

«እዚህ ነው የምትኖሪው። ከሉማሜ ወጥተሽ አታውቂም። ምዝገባ በታደሰ ቁጥር እማማ ‹አለች› እያሉ ያስጽፉሻል። ባለፈው ሰኔም አለሽ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው! አሥራ አንድ ዓመት በሙሉ እናቴ ቤት ተቀምጬ ኖሬያለሁ፤ አልሰማሁም። ከቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ «አምበር ኖራለች» የሚል ባለማኅተም ወረቀት አለ። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ኖረች የሚል ማስረጃ ይዤ የሰው ኃይል ክፍሏ ሴትዮ ፊት ብቀርብ፣ መጋዘን ሊያስረክቡኝ ነው? በሕግ ሊጠይቁኝ ነው እንጂ!

«ሰርዘኝ፣ መሸኛዬን ስጠኝ» አልኩት።

«የቤተሰቡ ኃላፊ መጥቶ ለቃለች ብሎ ካልፈረመ አይሆንም። እማማን ይዘሻቸው ነይ።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ለሐሜት ድምፁን ቀነሰ። «አትቀየሚያቸው። ስኳርና ዘይት የሚታደለው በሰው ቁጥር ነው። የወጣ ልጁን የሚያሰርዝ ማን አለ?»

በቀጥታ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። እናቴ ደጃፍ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ስታየኝ ምስሩ ተበተነ። ሳመችኝ፣ አገላብጣ አየችኝ፣ ከሳሽ አለችኝ፣ የሚበላ ፍለጋ ልትገባ ተነሣች።

«እማዬ፣ አረፍ በይ። ለጉዳይ ነው የመጣሁት። ነገ ቀበሌ አብረሽኝ ትመጫለሽ፤ ከመዝገብ ልሰረዝ ነው።»

መልሳ ተቀመጠች።

«አትሰረዥም» አለች።

«እንዴት?»

«አትሰረዥማ። ስምሽ እዚያ ቢኖር ምን አደረገሽ? ምን በላሽ?»

ስለ ሥራው ነገርኳት፤ ስለ መድኃኒት ቤቱ መዘጋት፣ ስለ አሥሩ ቀን፣ ስለ ተጠባባቂው። ሰማችኝ። ሰምታም ወደ ምስሯ ተመለሰች። እሷ ጥጥር ካለች ጥጥር ነው። እኔም የእሷው ልጅ ነኝ፤ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ስመላለስበት ዶሮዎቹ እንኳ ሰለቹኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ ከዚያ ቤት የወጣሁት በደህና አይደለም። አባቴ ሞቶ አርባው በወጣ በማግስቱ ነው የወጣሁት። አምበር ተመድቤ ነበር፤ እናቴ «ዓመቱ እስኪደርስ አብረሽኝ ሁኚ» አለች፤ እኔ ሥራው አይጠብቀኝም አልኩ። ሥራው ይጠብቀኝ ነበር። እኔ ነኝ እዚያ ቤት ለቅሶው እንደሞላበት መቀመጥ ያቃተኝ። «ሂጂ ካልሽ ሂጂ» ብላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ውስጥ ገባች። እስከ በር እንኳ የሸኘኝ የለም። በኋላ ታርቀናል፤ በየበዓሉ እመጣለሁ፣ በየሳምንቱ እደውላለሁ። ያንን ቀን ግን አንሥተነው አናውቅም።

በማግስቱ ቀበሌው ለስብሰባ ተዘግቶ ዋለ። እግሬን ልቆርጠው ምንም አልቀረኝ። በስምንተኛው ቀን ማለዳ ከእንቅልፌ ስነቃ እናቴ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተነሺ። እንዲህ ስትቅበዘበዥ ላይሽ አልችልም» አለችኝ።

ቀበሌ ደረስን። የክፍል ጓደኛዬ ተነሥቶ እጅ ነሣት፣ ወንበር ሰጣት። የመልቀቂያ ቅጹን ሞልቶ የማኅተሙን ቀለም ሳጥን ከፈተና ፊቷ አስቀመጠ። «እማማ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ፣ ከዚያ እዚህ።»

እናቴ እጇን ከነጠላዋ አላወጣችም።

«ከዚያ ምን ታደርጋለህ?» አለችው።

«ከቤተሰብ ቅጹ ላይ እሰርዛታለሁ። ከዚያ መሸኛዋን እጽፋለሁ።»

«እንዳትሰርዛት፣ መሸኛውን ግን ጻፍላት።»

«እንዲህማ አይሆንም እማማ።»

ከኋላችን ሰው መጣ፤ ወረፋው ረዘመ። አንዱ ያስላል፣ አንዱ ሰዓት ያያል። የኔም እግር ተነሣበት። ሁለት ቀን ቀርቶኛል፤ መንገዱ ነገ ይዘጋ ይሆናል፤ እናቴ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ ተቀምጣለች። አፌ አመለጠኝ።

«ለሁለት ኪሎ ስኳር ብለሽ እንጀራዬን ትዘጊያለሽ?»

የሚያስለው ሰውዬ እንኳ ማሳሉን ተወ። እናቴ ጠረጴዛውን ነው የምታየው። የክፍል ጓደኛዬ ፊቱ ቀላ። ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ሌላ ሰፊ መዝገብ ከጥጉ አወጣ፤ የስኳርና የዘይቱን። ገጾቹን ገለጠ፣ ገለጠ፣ ወደ እኔ አዞረው። የእናቴ ስም፣ ከጎኑ የቤተሰብ ብዛት፦ ሁለት። የወሰዱት፦ የአንድ ሰው። ከሥሩም የአንድ ሰው። ሌላው ገጽም የአንድ ሰው። በእያንዳንዱ ላይ አውራ ጣቷ አለ።

«እኔም ስኳር ይመስለኝ ነበር» አለኝ በዝግታ። «ይቅርታ እማማ።»

መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። እናቴ ግን ወደ እኔ አላየችም። እጇን አሁን አወጣችና በቤተሰብ ቅጹ ላይ አንድ ቦታ በጣቷ ነካች። የአባቴ ስም ነው። በስሙ ላይ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ መስመር አለ።

«ይህን ሲያሰምረው አጠገቡ ቆሜ ነበር» አለች። «ከአንተ በፊት የነበረው ጸሐፊ። እሷ በሄደች በማግስቱ ነው። አስምሮ ሲጨርስ፣ ‹ሌላ የሚሰረዝ አለ?› አለኝ። የለም አልኩት። ምን ልበለው?»

«እማማ፣ የእሷ ሌላ ነው እኮ» አላት። «ምክንያቱ ከጎኑ ይጻፋል፤ ‹ለቃ የሄደች› ተብሎ።»

«እኔ ማንበብ አልችልም ልጄ። እኔ የማየው መስመሩን ነው።»

ከኋላ አንዲት አሮጊት «እውነቷን ነው» አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ምዝገባ በታደሰ ቁጥር፣ ይህች ሴት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስሜ መስመር እንዳይወጣበት ስትጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ ስኳር አልኳት። ማልቀስ ጀመርኩ፤ በሰው ፊት ማልቀስ እንደምጠላ እናቴ ታውቃለች፤ የነጠላዋን ጫፍ ሳታየኝ ወረወረችልኝ።

የክፍል ጓደኛዬ መነጽሩን አወረደ። ማስመሪያ አነሣ። ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቶ ወደ እናቴ ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ መመሪያው ይሰመርበት ነው የሚለው። ከላይ ይሁን ከሥር አይልም። ከስሟ ሥር ባሰምረውስ?»

እናቴ ቅጹን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ስሟን አይነካም?»

«አይነካም።»

«አስምር።»

ከሥር አሰመረው። ስሜ ከመስመሩ በላይ ሙሉውን ቀረ። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነችና ሁለቱም ቦታ ላይ አሳረፈች። «ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለቃለች» ተብሎ መሸኛዬ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት።

መናኸሪያ ድረስ አብራኝ መጣች። «ይቅር በይኝ» አልኳት መንገድ ላይ። «ተይው፣ ችኮላሽ የአባትሽ ነው» አለች። ሚኒባሱ እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ፤ መስኮቱ ሥር ቆማ አልሄድም አለች። ሲንቀሳቀስ መስታወቱን አንኳኳች። «ስትገቢ ደውይ!»

በሕይወቴ እንደዚያ መንገድ የረዘመብኝ የለም። መሸኛውን እያወጣሁ አየዋለሁ፣ አጥፌ እከተዋለሁ፣ መልሼ አወጣዋለሁ። ከሉማሜ ወጥቻለሁ፤ ማርቆስ ገና አልገባሁም። ይህ መኪና አሁን ቢገለበጥ የየት ነዋሪ ልባል ነው? አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ «ልጄ፣ እግርሽ» አሉኝ።

መጨረሻውን መጠበቅ ስለማልወድ እናንተንም አላስጠብቅም፦ ሥራውን አገኘሁ። አሁን ይህን የምጽፈው ከመጋዘኑ ቢሮ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመናኸሪያ በቀጥታ እትዬን ይዤ ቀበሌ ደረስኩ። መዝገብ ቤቷ መሸኛዬን ተቀበለች፣ የእትዬን ቅጽ ገለጠች፣ ስሜን ጻፈች። ቀጥሎ ያለው ዓምድ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አቆመች።

«ዝምድና? ምንዎ ናት?»

ተከራይ የሚለው ቃል ሦስታችንም አፍ ላይ ነበር። ማንም አላወጣውም።

«ዘመድ በይ» አሉ እትዬ።

«ዘመድ የሚል የለም። ልጅ፣ እህት፣ የቤት ሠራተኛ።»

እትዬ ላብ አጠመቃቸው። ሠራተኛ ከተባልኩ ማጣሪያው ላይ ሌላ ጣጣ ነው። «የክርስትና ልጄ ብዬ እንዳልዋሽ ኃጢአት ነው» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና አሉ። «ልጅ በይ። ልጄ ያልኩት ሰው ሁሉ ልጄ ነው፤ ይህ ውሸት አይደለም።» ልጅቷ ትከሻዋን ነቅንቃ ጻፈች። «ልጅ» አለች ጮክ ብላ።

ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት።

«ገባሽ?»

«ገባሁ እማዬ።»

«ቀበሌውም ገባሽ? መዘገቡሽ?»

«አሁን፣ አሁን መዘገቡኝ።»

ከጀርባዋ የዶሮዎቹ ድምፅ ይሰማል።

«ምን ብለው ጻፉሽ?»

ቅጹ እፊቴ ተዘርግቷል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። እትዬ ፈገግ ብለው ያዩኛል። ስምንት ቀን ሙሉ እውነቴን ለማስመስከር ነው የተንከራተትኩት።

«ተከራይ ብለው» አልኳት።

«እሰይ» አለች እናቴ። «እሱ ነው ደጉ።»